ለእንግዳ እንቁላል ማቅረብ ነውር ነው ወይ?

ጥያቄውን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ሰኞ ማታ፣ ባሕር ዳር ሰማዩ የተቀደደ ይመስል እየዘነበ፣ የባለቤቴ አጎት ከዱርቤቴ ሳይታሰቡ ከተፍ አሉ። መብራት ጠፍቷል። ቤት ውስጥ ሥጋ የለም። ሽሮ ሞልቷል፤ ግን የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ገና ሳምንቱ ነበርና ሽሮ ሲባል ልጆቼ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከሰል አያያዝኩ። ሽንኩርት ከትፌ በቅቤ አቁላላሁ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ጨመርኩ፣ ስድስት እንቁላል ሰብሬ አማሰልኩ። ከሰሉ ከተያያዘ በኋላ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጋሼ በዳቦም በእንጀራም በሉ፤ ጥሩ አድርገው በሉ። መረቁኝና ተኙ። ባለቤቴ ግን መኝታ ቤት ስንገባ ለአጎቱ እንቁላል በመቅረቡ ማፈሩን በሹክሹክታ ነገረኝ።

በማግስቱ የባሕር ዳር ልጆች የሚወያዩበት መድረክ ላይ ጻፍኩት። ሐሳቤ አጭር ነበር። ዶሮ ወጥ ሲሠራ ለ12 ብልት 12 እንቁላል ይቀቀላል። ፈረሰኛው ለማን፣ መላላጫው ለማን ብለን የምንጨነቀውን ያህል እንቁላሉ ለሁሉም መድረሱን እንቆጥራለን። አንዱ ሳይደርሰው ቢቀር ቅሬታው ለከርሞ ይተርፋል። ያው እንቁላል ብቻውን ሲቀርብ ግን ምነው ሌላ ጠፋ እንዴ የሚያሰኝ ምግብ ይሆናል። ለምን? ደግሞስ ቁርስም ምሳም እራትም መሆን የሚችል፣ ወጥም ሳንድዊችም ኬክም ውስጥ የሚገባ፣ ሕፃንም ጥርስ የሌለው ሽማግሌም የሚበላው ሌላ ምን አለ?

እስካሁን 41 መልስ መጥቷል። ሁሉንም አልዘረዝርም። አንዳንዱ ሳቅ ብቻ ነው፤ አንዳንዱም ባይጻፍ ይሻል ነበር።

1ኛው መልስ ሰጪ ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታ አስቀድሞ፣ እጄን ባርኮ ገባ። እሱ ባደገበት በሽምብጥ ሰፈር እንግዳ በር ላይ ሲታይ እናቱ መጀመሪያ የምታደርገው አንዱን ልጅ በጓሮ በኩል ወደ ጎረቤት መላክ ነበር፤ እንቁላል እንዲበደር። ብድሩ በቁጥር ይመለሳል። አንድም ሰው ተዋረድኩ ሲል እንዳልሰማ ጻፈ። 2ኛዋ ከባለቤቴ ጎን ቆመች። እንቁላሉ ነውር ባይሆንም ከዱርቤቴ ድረስ ለመጣ አጎት ቢያንስ በማግስቱ ዶሮ መታረድ ነበረበት ባይ ናት። 3ኛው መልስ የእኔ ነው፤ ጋሼ ጎህ ሳይቀድ እንደወጡ አስረዳሁ። 4ኛው የፈለገው ቅቤው የተነጠረ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ብቻ ነበር። የተነጠረ ነው። ዳግመኛ አልጻፈም።

5ኛው ፔዳ አካባቢ ቁርስ ቤት ያለው ሰው ነው፤ እኔ ከሁሉም የወደድኩት መልስ የእሱን ነው። ንግዱ የቆመው በእንቁላል ላይ እንደሆነ ይናገራል። ፍርፍሩ፣ ስልሱ፣ ኦምሌቱ፣ ሳንድዊቹ ይቅር። ስፔሻል ፉል ስፔሻል የሚያሰኘው ከላዩ የሚጣልበት እንቁላል ነው። ፈጢራም ሆዱ ውስጥ እንቁላል ከሌለው ማር የተቀባ ቂጣ ነው። ጨጨብሳ የሚያዙት ሳይቀሩ እንቁላል ከጎኑ ይፈልጋሉ። እንቁላል ከሜኑው ሲወጣ ምን እንደሚተርፈው ረቡዕና ዓርብ ጠዋት በዓይኑ እንደሚያየው ጻፈ።

ከዚያ የሙያውን ምክር ለቀቀው። የብዙ ቤት ፍርፍር የሚበላሽበት ምክንያት ሁለት ነው ይላል። አንደኛው ቲማቲሙ ውሃውን ሳይጨርስ እንቁላል መስበር ነው። ያን ጊዜ የሚገኘው ፍርፍር ሳይሆን ሾርባ ነው። ሁለተኛው እሳት ላይ ማቆየት ነው። የእንቁላል ነጩ መርጋት የሚጀምረው ከ60 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ነው፤ አስኳሉም ብዙ አይዘገይም። የሚንቦገቦግ እሳት አያስፈልገውም። መጥበሻው ከወረደ በኋላም በያዘው ሙቀት ማብሰሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ገና ለስለስ እንዳለ፣ ትንሽ የቀረው ሲመስል ማውረድ ነው። የበሰለ ሲመስል ያወረዱት ሰሃን ላይ ሲደርስ ጎማ ሆኗል። ሞከርኩት። ለ15 ዓመት ስሠራ የነበረው ጎማ እንደሆነ ገባኝ፤ ለባለቤቴ ግን አልነገርኩትም።

6ኛው ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የተማረ መሐንዲስ ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ ይላል። ስለ ቅቅል ነው የጻፈው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በቆላ ባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው የተጻፈ የ10 ደቂቃ መመሪያ እዚህ ሲሠራበት አስኳሉ መሀሉ ላይ ሳይጠነክር ይገኛል። ጣና ዳር ያለን ሰዎች አንድ ሁለት ደቂቃ መጨመር አለብን ማለቱ ነው። 7ኛው ስሟ ባሕር ዳር ሆኖ ሳለ ከባሕር ጠለል ይህን ያህል መራቋ አስቆት፣ ከተማዋ በሐሰት ስም ትጠየቅ ብሎ ሄደ። 8ኛው መሐንዲሱን ለእንቁላል ፊዚክስ አያስፈልግም ብሎ ወረፈው፤ እናቱ ያለ ሰዓት ቀቅላ አሳድጋዋለች።

9ኛው መልስ በእማማ ስም የተጻፈ ነው። የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፣ የምትጽፈው ልጃቸው ናት። እማማ ለመሐንዲሱ ደቂቃ ደንታ የላቸውም። የሚያሳስባቸው ልጣጩ ነው። ለዶሮ ወጥ የሚቀቀል እንቁላል ሳምንት ያደረ መሆን አለበት። ትናንት የተጣለ እንቁላል ሲላጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተገነጠለ ይወጣና እንግዳ ፊት የማይቀርብ ይሆናል። ትኩሱ ለፍርፍር፣ የቆየው ለቅቅል። ከላጡት በኋላም ቁሌቱ እንዲገባው በቢላዋ ጫር ጫር ያደርጉታል፤ ጥልቅ አይደለም፣ አስኳሉ ከተነካ ወጡን ያደፈርሰዋል።

10ኛው የእማማን ቃል በሳይንስ አጸናላቸው። ቅርፊቱ በዓይን በማይታዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። እንቁላሉ ሲቆይ በእነዚያ በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የነጩ አሲድነት ይቀንሳል፤ ያኔ ከውስጠኛው ስስ ሽፋን ጋር እንደ ሙጫ መጣበቁን ይተዋል። ቀቅሎ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከርም ይረዳል። አስኳሉን የሚከበው አረንጓዴ ቀለበት ደግሞ መርዝ ሳይሆን ብዙ በመቀቀል የመጣ ነው፤ የነጩ ሰልፈርና የአስኳሉ ብረት ሲገናኙ የሚፈጥሩት ቀለም ነው። እማማ በልጃቸው በኩል አሜን አሉ።

11ኛው ያሳቀን ነው። ግቢ ተማሪ ሳለ ዶርም ውስጥ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ እንቁላል ይቀቅል ነበር። የተከለከለ ነው፤ ያውቃል። አንድ ማታ እንቁላሉ ተሰነጠቀ፣ ነጩ አረፋ ሆኖ ገንፍሎ ወደ ሶኬቱ ፈሰሰ፣ የሕንፃው መብራት በሙሉ ድርግም አለ። የፈተና ሳምንት ነበር። የአራት ፎቅ ተማሪ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ሲራገም እሱ በጨለማ ውስጥ እንቁላሉን እየላጠ በሚጥሚጣ በላ። 12ኛው ደግሞ ያኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካልኩለስ ሲያጠና እንደነበር፣ በዚያ ፈተና ሲ ማግኘቱንና ተጠያቂውን በመጨረሻ ማወቁን ጻፈ። 13ኛው የሁለቱን መታረቅ በእንቁላል ሳንድዊች እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበ። የተገናኙ ይመስለኛል።

14ኛው ጂም የሚሠራ ወጣት ነው። ጠዋት ጠዋት አምስት ጥሬ እንቁላል ብርጭቆ ውስጥ ሰብሮ ጭልጥ እንደሚያደርግ፣ ጉልበት ያለው ጥሬው ላይ እንደሆነ አስተማረን። 15ኛዋ በጣም መረር ብላ ነው የመለሰችለት። ከተቀቀለ እንቁላል ፕሮቲን ውስጥ ሰውነት ከ90 በመቶ በላይ ሲወስድ፣ ከጥሬው የሚወስደው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ጥሬ ነጩ ውስጥ ያለው አቪዲን የሚባል ነገር ደግሞ ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ይይዝበታል። ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያውክ ተህዋስም ጨምሩበት። ባጭሩ አምስት እንቁላል ጠጥቶ ሁለት ተኩል ያህሉን እየበላ ነው፤ ይህን ጡንቻ ሳይሆን ኪሳራ ነው የምትለው። ልጁ ከዚያ በኋላ ስለ ብርጭቆው አልጻፈም።

16ኛው ኮሌስትሮል ፈርቶ እንቁላል ከተወ ሦስት ዓመት የሆነው አባወራ ነው። 17ኛው በትሕትና መለሰለት። የአንድ እንቁላል አስኳል 190 ሚሊ ግራም ገደማ ኮሌስትሮል አለው። አሜሪካኖች በቀን ከ300 ሚሊ ግራም አትለፉ ሲሉ የኖሩትን ቁጥር እንደ ፈረንጆች ከ2015 እስከ 2020 በሚለው የአመጋገብ መመሪያቸው ላይ አንስተውታል። ብዙ ሰው ላይ የደም ኮሌስትሮልን ይበልጥ ከፍ የሚያደርገው የሚረጋ ስብ መብዛት ነው። ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይወስን መከረ። የሚረጋ ስብ ሲል ዓይኔ ወደ ቅቤ ቆርቆሮዬ ሄደ። በነገራችን ላይ በዚያ ማታ ፍርፍር ውስጥ ስንት ማንኪያ እንደጨመርኩ መድረኩ ላይ አልጻፍኩም። አሁንም አልጽፍም።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። 18ኛዋ ስትገባ ነገሩ ተለወጠ። ከጣና ዳር ቀበሌዎች በአንዱ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ቤት ለቤት ስትዞር ግቢው ውስጥ ዶሮ የሚራወጥበት፣ የዓመት ልጅ ግን እንቁላል ቀምሶ የማያውቅበት ቤት እንደማታጣ ጻፈች። እንቁላሉ የሚሄደው ገበያ ነው። ጨው ይሆናል፣ ሳሙና ይሆናል፣ ደብተር ይሆናል። ጾም ሲገባ ደግሞ እናቲቱ የቤቱ ዕቃ እንዳይነካካ ስለምትፈራ ለሕፃኑም ብላ አትሠራም። ልጅ 6 ወር ከሞላው በኋላ በደንብ የበሰለ እንቁላል መብላት ይችላል። አንዱ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ቫይታሚን ኤ አለው፣ ቢ12 አለው፣ ለአእምሮ እድገት የሚያስፈልገው ኮሊን አለው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከክልላችን ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው እንደተገኙ አስታወሰች። እኛ እንቁላል ለአጎት ያንሳል አያንስም እያልን ስንከራከር እሷ ለልጁ ሳይደርሰው ስለሚቀረው ነበር የምታወራው። ትንሽ አፈርኩ።

19ኛው ዘሎ ወጣባት። ጾም ለማስፈረስ የመጣች ናት፣ ማን እንደላካት ይታወቃል፣ አያቶቻችን ያለ እንቁላል ነው ጀግና የሆኑት፣ የመሳሰለውን ደረደረ። የተወሰነውን አስተዳዳሪው ሰርዞታል። 20ኛው ዲያቆን ነኝ የሚል ሰው ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የገባው። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ እንደሌለበት፣ ለዓመት ልጅ ማብሰልም የእናቲቱን ጾም እንደማያፈርስ አስረዳ። የዕቃው ነገር ሥጋት ከሆነ ደግሞ አንዲት ትንሽ መጥበሻ ለልጁ ብቻ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። 21ኛዋ እናት ይህንኑ እንዳደረገች ጻፈች። ቀይ መጥበሻ ገዝታ ምስማር ላይ ሰቀለች። አማቷ ሁለት ዓመት ሙሉ መጥበሻዋን በጎሪጥ ሲያዩ ከረሙ፤ በሁለተኛው ሁዳዴ ላይ ግን ልጅቷ ስታለቅስ መጥበሻዋን ከምስማሩ ያወረዱት ራሳቸው ናቸው። 19ኛው 22ኛ ላይ ተመልሶ ስለ ሕፃናት አላወራሁም አለ። ይቅርታ አልጠየቀም።

23ኛው ሁልጊዜም የሚመጣውን ጉዳይ አመጣ፤ የሐበሻና የፈረንጅ እንቁላል። የፈረንጁ ውሃ ውሃ ይላል፣ አስኳሉ የገረጣ ነው፣ ዶሮዋ የምትኖረው በመድኃኒት ነው ብሎ ደመደመ። እዚህ ላይ ዘንዘልማ በኩል ዶሮ የሚያረባ ሰው 24ኛ ሆኖ ገባ፤ ተቆጥቷል። የአስኳል ቀለም የሚመጣው ከመኖ ነው። የእኛ አገር በቆሎ አብዛኛው ነጭ ስለሆነ በእሱ የምትቀለብ ዶሮ አስኳሏ ይገረጣል። አልፋልፋ ወይም ቅጠላ ቅጠል ጨምርላት፤ ብዙም ሳይቆይ ብርቱካን ይመስላል። የሐበሻዋ ጓሮ ስትጭር ሣርና ትል ስለምትለቅም ነው የቀላው። የቅርፊት ቀለም ደግሞ የዝርያ ጉዳይ ነው፤ ቡናማው ከነጩ አይበልጥም። ከዚያ ሚዛን አወጣ። የሐበሻ እንቁላል 40 ግራም ገደማ ነው፣ ቦቫንስ ብራውን የምትባለው የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል 60 ግራም ገደማ። በውድ የሚገዛው ትንሹ ነው። ሰው የሚከፍለው ለቀለም እንደሆነ በቁጣ ጻፈ። 25ኛው ምላሱ ሚዛን እንዳልሆነ፣ የሚጣፍጠውን እንደሚያውቅ መልሶ ወረወረለት።

ያረጋጋቻቸው 26ኛዋ ናት። ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ፣ አንዳሳ ካለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ብዙም ሳይርቅ የምትኖር ገበሬ ናት፤ ሁለቱንም ታረባለች። የፈረንጇ በጥሩ መኖ በዓመት 300 ገደማ ትጥላለች፤ የሐበሻዋ ከ40 እስከ 60። ግን ሐበሻዋ ሰነፍ ሆና አይደለም። እናት ስለሆነች ነው። ጥቂት ጥላ ትታቀፋለች፣ 21 ቀን ከጎጆዋ አትነቃነቅም፣ ከፈለፈለች በኋላም ጫጩቶቿን ይዛ ስትዞር ወራት ያልፋል። ያን ሁሉ ጊዜ እንቁላል የለም። የፈረንጇ መታቀፍ የሚባለውን ነገር ረስታዋለች፤ በ25 ሰዓት ገደማ አንድ ሠርታ ትጥላለች፣ በቃ። አውራ ዶሮ የሌለበት እንቁላል ጤና የለውም የሚባለውንም አጣጣለችው፤ ጫጩት አይወጣውም እንጂ ምግብነቱ ያው ነው። ከዚያ የዘንዘልማውን ሰው ቁጣው ከየት እንደመጣ ጠየቀችው። 27ኛ ላይ መለሰ። ባለፈው ዓመት ፈንግል ገብቶበት 120 ቄብ በአንድ ሳምንት አልቋል። ሊጥሉ የቀራቸው ጥቂት ሳምንት ነበር። ክትባቱን ነገ ዛሬ ሲል ነው የተቀደመው። 25ኛው ከዚህ በኋላ ስለ ምላሱ አልተናገረም፤ አይዞህ ብሎ ጻፈለት።

ስለ ዋጋ የተጻፉትን 28ኛውንና 29ኛውን እዘላቸዋለሁ። እኔ ጽፌ እስክጨርስ ዋጋው ይለወጣል። ሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ የሚረክስ፣ ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው የሚሰቀል ዕቃ ነው። 29ኛው ብቻ ነጋዴዎችን በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ በሚለው ተረት ሸነቆጣቸው፤ ጥሩ ቦታው ነበር።

30ኛዋ ከገበያ ከገዛችው ውስጥ ሦስቱ ገምተው የቤቱን አየር እንደበከሉት አማረረች። መለያውን የነገራት 31ኛው ነው። ውሃ በጎድጓዳ ሳህን፤ እንቁላሉን መልቀቅ። ትኩሱ በጎኑ ይተኛል። ትንሽ የቆየው ይቆማል፤ ይበላል። የተንሳፈፈውን መጣል። ውስጡ ያለው እርጥበት በቀዳዳዎቹ ሲተን አየር ስለሚተካው ነው የሚቀልለው። ግን የሚቀመጠውን አስቀድሞ ማጠብ እንደማይገባ አስጠነቀቀ፤ ቅርፊቱን የሸፈነው ስስ መከላከያ ይለቃል። 32ኛው አያቱ ያለ ማቀዝቀዣ እንቁላል የሚያቆዩት ጤፍ ውስጥ ቀብረው እንደነበር ጻፈ። ጤፉ ቀዝቃዛ ነው፣ አይሰበርም፣ ልጅም በቀላሉ አያገኘውም። የመጨረሻው ምክንያት ዋነኛው ሳይሆን አይቀርም።

33ኛው የእኔ ነው፤ ለ32ኛው ማስረጃ ነበረኝ። ዕለቱን የዱርቤቴ ሚኒባስ ሹፌር ደወለና መናኸሪያ ሄድኩ። ጋሼ በከረጢት ጤፍ ልከዋል። ጤፉን ስገለብጠው 24 እንቁላል ከውስጡ ወጣ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ አንድም አልተሰነጠቀም። ዕቃው የተላከው ለባለቤቴ ሳይሆን ለፍርፍር ሠሪዋ እንደሆነ ሹፌሩ አደራ ተብሎ ነበር፤ በስሜ። ባለቤቴ ጤፉን ወደ ዕቃው ሲገለብጥ ምንም አልተናገረም።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። 34ኛው አስጎብኚ ነው። እንቁላል ከተከበረ አይቀር ዘጌ ላይ የተከበረውን ያህል የትም አልተከበረም ብሎ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ጉልላት ላይ ያለውን የሰጎን እንቁላል አነሳ። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ አታነሳም፤ እግዚአብሔርም ዓለሙን እንዲሁ ይጠብቃል የሚለው ነው ትርጉሙ። 35ኛው ሰጎን በማየት ሳይሆን በመታቀፍ እንደምትፈለፍል፣ እንዲያውም ሌሊት የሚታቀፈው ወንዱ እንደሆነ አረመው። አንዱ የሰጎን እንቁላል ወደ 24 የዶሮ እንቁላል ያህል ስለሆነም ለጋሼ አንዱ ይበቃቸው ነበር ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። 36ኛው ለምን ጣና ዳር ተቀምጠን ስለ እንቁላል እናወራለን፣ ቆሮሶ ጠብሰሽ አታቀርቢም ነበር ወይ አለ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ሰዓት ዓሣ ከየት እንደማመጣ አልነገረኝም። 37ኛው ከዓሣ ተነስቶ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ወደሚለው ገባ። ይህ ርዕስ የገባበት ክር አይተርፍም። 38ኛው የአስተዳዳሪው መልስ ነው፤ ዓሣው ወደ ውሃው ይመለስ ብሎ ዘጋው።

39ኛውን ያወቅሁት በፊደሉ ነው። ስሙን አልጻፈም፤ ግን እንቁላል በአልፋው እ ሳይሆን በዐይኑ ዕ መጻፍ እንዳለበት ሠላሳ ስምንቱንም መልስ ያረመ ሰው በባሕር ዳር አንድ ብቻ ነው፤ ያገባሁት። ዕንቁላል እንጂ እንቁላል የሚባል ነገር የለም ይላል። አርሞ ሲጨርስ ታሪኩንም አረመ። ያፈረው በዕንቁላሉ ሳይሆን በቁጥሩ ነበር። ለሁለት ልጆች፣ ለእሱ፣ ለእኔና ለአንድ ትልቅ ሰው ስድስት ዕንቁላል እንዴት ይበቃል? አጎቱ ሊደግሙ ሲሉ መጥበሻው ባዶ እንደነበር እሱ አይቷል፤ እኔ ለአምፖሉ ምትክ ሻማ ስፈልግ ነበርና አላየሁም። መልሱን መድረኩ ላይ አልሰጠሁትም። ቤት ውስጥ ሰጠሁት።

40ኛው ቀበሌ 14 ብቻውን የሚኖር ልጅ ነው። ይህን ሁሉ አንብቦ ልቡ ተነሳስቶ 30 የሚይዝ አንድ ትሪ ገዛ። የቁርስ ቤቱን ፍርፍር ሠራ፣ የመሐንዲሱን ቅቅል ቀቀለ፣ ከጓደኞቹ ጋር በላ። ዛሬ ሐምሌ 30 ማታ ቁጭ ብሎ ሲቆጥር 17 ቀርቶታል። ነገ ፍልሰታ ነው። ማቀዝቀዣ የለውም። ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀ።

41ኛው እስካሁን የመጨረሻው ነው፤ እማማ በልጃቸው በኩል። ያልታጠበውን ሳያጥብ፣ ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ ጤፍ ውስጥ ይቅበረው። ነሐሴ 16 ጠዋት አውጥቶ ውሃ ላይ ይሞክረው፤ የተንሳፈፈውን ይጣል፤ የተረፈውን ደህና አድርጎ ይቀቅል። ከ17ቱ 12 ከተረፉለት ዶሮዋን ብቻ ይግዛ፤ ሽንኩርቱን እሳቸው ያቁላሉለታል።